«ዘ ካይት ራነር»፦ ሃሰን ታማኝ ነበር ወይስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም?

ማለዳ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የአፍጋን-አሜሪካዊውን ደራሲ የኻሊድ ሆሴይኒን ልብ ወለድ «ዘ ካይት ራነር» ትናንት ሌሊት ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነበር፤ ያኔ አልቅሼ ዘጋሁት። አሁን እንባ አልመጣልኝም፤ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን በቅጡ አላወቅሁም፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ታሪኩን እስከ ጫፉ ስለማነሳ ያላነበባችሁ ከዚሁ ተመለሱ።

አንብባችሁ ለረሳችሁት፦ አሚር ካቡል ውስጥ ዋዚር አክባር ኻን በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ያደገ የፓሽቱን ልጅ ነው። ሃሰን የቤቱ አሽከር የአሊ ልጅ ነው፤ ፓሽቱኖች የሚንቁት የሃዛራ ብሔረሰብ ልጅ። ግቢው አንድ ነው፤ አሚር ትልቁ ቤት ውስጥ፣ ሃሰን ጓሮ ካለችው የጭቃ ጎጆ። የአሚር እናት በወሊድ ሞታለች፤ የሃሰን እናት ወልዳው ሳምንት ሳይሞላት ጥላው ጠፍታለች። ሁለቱንም ያጠባቻቸው አንዲት ሴት ናት። አፋቸውን ሲፈቱ አሚር «ባባ» ብሎ አባቱን ጠራ፤ ሃሰን «አሚር» አለ። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ሁሉም ነገር እዚህች ላይ ተነግሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህ ልብ ወለድ ያነበብኩት ሁሉ ካይቱን፣ በክር የሚያበርሩትን የወረቀት መጫወቻ፣ ነው ተምሳሌት የሚያደርገው። ነፃነት፣ ልጅነት፣ የአባት ፍቅር እያሉ። እኔን በሁለተኛው ንባቤ የያዘኝ ክሩ ነው። ልጆቹ ጠርሙስ ፈጭተው ከሙጫ ጋር ለውሰው ክሩን ይቀቡታል። የሌላውን ካይት የሚበጥሰው ያ ነው፤ ግን የያዘውንም ልጅ ጣት ይሰነጥቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የበረዶ ወራት በተደረገው ውድድር አሚር ጣቱ እየደማ አሸነፈ። ጥቅልሉን ይዞ ክር ይለቅለት የነበረው ሃሰን ደግሞ ተቆርጦ የወደቀውን ሰማያዊ ካይት ሊያመጣለት ሮጠ፤ «ለአንተማ ሺህ ጊዜ» እያለ። በዚያች ጠባብ መንገድ አሴፍ የሚባል ጉልበተኛ ልጅ ደፈረው። አሚር ጥግ ይዞ አየ፤ ሮጦም ሄደ። የአሚር ደም የጨዋታ ደም ነው፣ በሳምንት ይድናል። የሃሰን በረዶው ላይ ወደቀ።

ከዚያ በፊት የነበረች አንዲት ትንሽ ንግግር አለች። ሃሰን ከምዋሽህ አፈር ብበላ ይሻለኛል ይለዋል። አሚር ሊፈትነው፣ ብልህ እውነት ትበላለህ? ሲለው፣ ካልከኝ እበላለሁ፤ ግን አንተ እንዲህ ያለ ነገር አድርግ ትለኛለህ? ብሎ መለሰለት። በመጀመሪያው ንባቤ ይህን የታማኝነት ጥግ ብዬ አስምሬበት ነበር። አሁን ሳየው ከታች ያለው ለሌላው ስለሚገዛ ልብ ብቻ የሚያወራ መሰለኝ። ታማኝነት ነው ወይስ ሎሌነት? ንገሩኝ።

የካሳንቺሱ

ማለዳ፣ ንዴትሽ ገብቶኛል። እኔ ግን የተናደድኩት በደራሲው ነው። ሃሰንን ሰው አላደረገውም። አይቆጣም፣ አይቀናም፣ አይዋሽም፤ ሰርቀሃል ሲሉትም ሳይሰርቅ «አዎ» ይላል። አሚር የልደት ሰዓቱንና ብሩን ፍራሹ ስር ደብቆ ሲያስወነጅለው እንኳ ለአሚር ሲል ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

ደራሲው ራሱ ምን ብሎ እንደሚያመሳስለው አስታውሺ፤ በዚያች መንገድ የሃሰን ዓይን ለአረፋ ሊታረድ የተጋደመ በግ ዓይን ይሆንበታል። አሚር በሰማያዊው ካይት የአባቱን ፍቅር ገዛ፤ ዋጋው ሃሰን ነበር። ይህ ጥሩ ተምሳሌት ነው፤ አላስተባብልም። ግን በግ አይመርጥም፤ መምረጥ የማይችልን ታማኝ አንለውም። ሮማኑ ዛፍ ስር አሚር በሮማን እየደበደበው «መልስልኝ፣ ምታኝ» ሲለው ሃሰን ምን አደረገ? አንዷን አንስቶ የገዛ ግንባሩ ላይ ፈረጣት። እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉን ወርውሬዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ሮማን እንኳ ቢመልስለት ምን ነበረበት?

መምህሩ

ልጆቼ፣ ለሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁና ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ ቃሉን እንየው። «ታማኝ» ከ«ታመነ» ነው የሚመጣው። የታመነ፣ ሌላው ሰው እምነቱን የጣለበት ማለት ነው። ስለዚህ ማን ለማን ታማኝ ነበር ስንል ማን ማንን አምኖ ነበር ብለን እንጀምር። ያመነው ሃሰን ነው። የታመነው አሚር ነው። በቋንቋችን ከሄድን ታማኝ ሆኖ መገኘት የነበረበት አሚር ነበር እንጂ የአሽከሩ ልጅ አልነበረም። ማለዳ የጠቀስሽው የአፈሩ ንግግርም ለእኔ የሎሌ ንግግር አይመስለኝም። ልጁ ማንም ያልደፈረውን ጥያቄ ነው ለጌታው የጠየቀው፤ «አንተስ ትለኛለህ?»። አሚር ያን ጊዜ ዓይኑን ማየት አቅቶታል። ፈተናው ወደ ፈታኙ ዞረ።

ሁለተኛው ስለ «ሻህናሜ» ነው። ሃሰን ማንበብ አይችልም፤ አሚር ዛፉ ስር ያነብለታል፤ ደጋግሞ አንብብልኝ የሚለውም የሩስተምና የሶህራብን ታሪክ ነው። «ሻህናሜ» ፊርዳውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 ገደማ የጨረሰው፣ 50,000 ያህል ጥንድ ስንኝ ያለው የፋርስ ታላቅ ግጥም ነው። ጀግናው ሩስተም ልጁ መሆኑን ሳያውቅ ሶህራብን በጦር ሜዳ ገጥሞ ይገድለዋል። ልጄ መሆኑን ያወቀው ለእናቱ ትቶላት የነበረውን ጌጥ ክንዱ ላይ ሲያይ ነው። ዘግይቷል።

አሁን የመጽሐፉን ሚስጥር አስታውሱ። ሃሰን የአሊ ልጅ አይደለም፤ የባባ ነው። ለአባቱ በየቀኑ ሻይ እያቀረበለት የሚኖር ልጅ፣ ሳያውቀው የሚያለቅስለት ታሪክ አባትና ልጅ ስላልተዋወቁበት ጦርነት ነው። ሲያድግ ደግሞ ለልጁ ሶህራብ የሚል ስም ያወጣል። ደራሲው ይህን በጣቱ ጠቁሞ አላሳየንም፤ እዚያው አስቀምጦት አለፈ። ተምሳሌት ሲያምር እንዲህ ነው። እኔ ሮማኑንም ካይቱንም ለዚህ እሰጣለሁ።

የካሳንቺሱ ልጅ፣ «አይቆጣም» ያልከውን ግን መልሰህ እየው። አሴፍን ያስቆመው ማን ነበር?

እመ ናሆም

እንደ መምህር ማብራራት አልችልም፤ የማውቀውን ልናገር።

ቤታችን የሠራተኛዋ ልጅ ነበረች፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ ወጥ ቤት፣ እሷ ከእኔ ጋር። ቦርሳዬን እስከ ትምህርት ቤት በር ትሸከምልኛለች፤ እኔ እገባለሁ፣ እሷ ትመለሳለች። እሷ የምትማረው ማታ ነበር። አብረን ሱዚ ዘልለናል፣ አብረን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እናውቃለን፤ እንግዳ ሲመጣ ግን እሷ ትነሳለች። ይህ ሁሉ ልክ አልነበረም ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አስር ዓመት ሲሆነኝ የአባቴን ሬዲዮ ከመደርደሪያ ጣልኩት። አባቴ ሲመጣ ዝም አልኩ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። እናቷ ፊቴ ገረፈቻት። ማታ ለምን እንዲህ አልሽ ስላት «አንቺን ቢቆጡሽ ታለቅሻለሽ፤ እኔ አላለቅስም» አለችኝ።

መጽሐፉን ያነበብኩት ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቶ ነው። ሃሰን «አዎ» ያለባት ገጽ ላይ ስደርስ ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ሌላ ገጽ አለ። አሚር ሃሰንን ጓደኛዬ ነው ብሎ አስቦ እንደማያውቅ የሚናገርበት። ባባም ከአሊ ጋር አብሮ አድጎ፣ አብሮ እየሳቀ፣ በሚያወራው ታሪክ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ «ጓደኛዬ» ብሎት አያውቅም። እኔም እሷን ለሰው ሳስተዋውቅ ምን እል እንደነበር ሳስታውስ «እኛ ቤት ያለችዋ» ነበር የምላት።

የካሳንቺሱ፣ ሃሰን በጣም ጥሩ ነው፣ ሰው አይመስልም ብለሃል። እንዲህ ያለ ሰው አለ። እኔ አይቻለሁ። ችግሩ እንደዚያ ጥሩ እንዲሆን ያስገደደው ምን እንደነበር አለመጠየቃችን ነው።

ናቲ ቢ

እኔ ፊልሙን ብቻ ነው ያየሁት፤ እ.ኤ.አ. የ2007ቱን። ልጁን የተጫወተው ሕፃን ነው ያሳዘነኝ። ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፦ ያች የጠባቡ መንገድ ትዕይንት አፍጋኒስታን ውስጥ በልጆቹ ላይ አደጋ ታመጣለች ተብሎ ተፈርቶ ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ተገፋ፤ የተወኑት ልጆች ከካቡል ወጥተው ወደ አረብ ኤምሬትስ ተወሰዱ። ታሪኩ የ1975 ነው፤ ፍርሃቱ የ2007። መጽሐፉን ልግዛ?

መምህሩ

ግዛ ልጄ። ፊልሙ ውስጥ የአሚር ዝምታ ፊት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሰበብ ነው። ሰበቡን ማንበብ አለብህ።

ሰላም ከሪያድ

ሥራ ላይ ስለሆንኩ አሁን ነው የገባሁት። መጽሐፉን ያነበብኩት ስልኬ ላይ ነው፤ ማዳም ልጆቹን ይዛ ስትወጣ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ለሦስት ወር። እዚህ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ሃሰን ሰው ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ዳር ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

መምህር እንዳሉት ነው፤ ሃሰን ይቆጣል። አሴፍ አሚርን ሊመታው ሲመጣ የጎማ ወንጭፉን ወጥሮ ፊት ለፊቱ የቆመው ሃሰን ነው። ከአሁን በኋላ አንድ ዓይና አሴፍ ይሉሃል ብሎታል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ። አንድ የሃዛራ ልጅ በአውሮፕላን አብራሪ ልጅ ላይ! ለራሱ ግን አንድም ቀን አልወጠረውም። እሱን ነው ማየት። ለሌላ ሰው መቆጣት ይፈቀድልሃል፣ ለራስህ ግን አይፈቀድልህም። እዚህ የምንሠራ ልጆች እናውቀዋለን። የማዳምን ልጅ ውሻ ቢያባርረው ከውሻው ጋር እንያያዛለን፤ ለእኛ ደሞዝ ሲዘገይ ግን ድምፃችን ይጠፋል።

ወንጭፏ ደግሞ ኋላ ትመለሳለች። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አሴፍ ታሊባን ሆኖ፣ ሶህራብን ሊያስለቅቅ የመጣውን አሚርን ሲደበድበው የሃሰን ልጅ ሶህራብ በጠረጴዛው የነሐስ ኳስ ግራ ዓይኑን አጠፋው። ሃሰን የዛተውን ልጁ ፈጸመ። እዚያ ጋ ስደርስ ዳዊትና ጎልያድ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

«ምርጫ አልነበረውም» ላላችሁት ይህን አስቡ። የባባ ጓደኛ ራሂም ኻን እ.ኤ.አ. በ1986 ሄዶ ወደ ካቡል ቤት እንዲመለስ ሲጠይቀው ሃሰን ትልቅ ሰው ነው፤ ሚስት አለው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ። ባባ መሞቱን ሲሰማ አለቀሰ፤ ኋላ ራሱ መጣ። ትልቁ ቤት ግቡ ቢባሉ ከነሚስቱ አንገባም ብሎ ጓሮዋ ጎጆ ገባ። ብዙ ሰው ይህን ትሕትና ይለዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ሰው በሰው ቤት ሲኖር የራሱ የሆነች ጥግ አለችው። የእኔ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሳሎን ተኚ ብትለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጓሮዋ የአባቱ የአሊ ቤት ናት። ሃሰን ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለአሊም ታምኗል። ሲገድሉትም ቤቱን ለቅቀህ ውጣ ሲሉት አልወጣም በማለቱ ነው።

አንድ ነገር ልድገም፣ ባባ የሃሰንን የተሰነጠቀ ከንፈር ለልደቱ አሳክሞለታል። ጥሩ ነው። ማዳምም ጥርሴን አሳክማኛለች። ሃሰን ከንፈሩ በዳነ በዓመቱ ፈገግ ማለት አቆመ፤ ደራሲው ራሱ ጽፎታል። ስጦታውን ሰጡት፤ እውነቱን ግን አልሰጡትም።

የካሳንቺሱ

ሰላም እህቴ፣ ወንጭፉን ረስቼው ነበር። ጎጆዋን ደግሞ እንዲህ አይቻት አላውቅም። ስለ በጉ ያልኩትን ግማሹን አንስቻለሁ። ሮማኗ ላይ ግን አሁንም አልታረቅሁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ባባ ማንም አላነሳምና እኔ ላንሳ። የአፍጋኒስታኑ ንጉሥ ዛሂር ሻህ ከሥልጣን የወረዱት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ነው፤ የአጎታቸው ልጅ ዳውድ ኻን እሳቸው ጣሊያን ሳሉ ገለበጣቸው። የእኛ ንጉሥ የወረዱት በዓመቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ያደጉ አባቶች በሁለቱም አገር አሉ። ባባ ካቡል ላይ በገዛ ገንዘቡ የሙት ልጆች ማሳደጊያ የሠራ ሰው ነው፤ ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ሲገባ ነዳጅ ማደያ ቆመ። የምግብ ኩፖኑን መልሶ ሰጠ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ ጫማውን ግን በየቀኑ እንደ ድሮ ቢሮው ይወለውለዋል። ስለዚህ ባባን መጥላት አልቻልኩም።

ነገር ግን ሰውየው ለልጁ ያስተማረው ምንድን ነው? በዓለም ላይ ያለው ኃጢአት ስርቆት ብቻ ነው፤ የዋሸ የሌላውን እውነት የማወቅ መብት ሰርቋል። ይህን እየተናገረ ሃሰንን አባቱን፣ አሚርን ወንድሙን ሰርቋቸዋል። አሊንም ክብሩን። አሚር ሰዓቱን ፍራሽ ስር ሲያስገባ የአባቱን ሥራ በትንሹ መድገሙ ነው። ሃሰን በሐሰት «አዎ» ሲል ደግሞ ባባ ምን አለ? ይቅር ብዬሃለሁ አለ። በዓለም ላይ አንድ ኃጢአት ብቻ ነው የሚል ሰው ሌባውን በአንድ ቃል ይቅር ያለው ለምን እንደሆነ ገና ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር።

አባቶቻችን የታመኑት ለስማቸው ነው። ስሙ ሲድን የተጎዳውን አይቆጥሩትም።

ፍራሽ ካነሳሁ አይቀር፦ አሚር ተመልሶ አፍጋኒስታን ሲገባ ያደረበት ቤት ልጆች ሰዓቱን ትክ ብለው ሲያዩ ቆይቶ ሰጣቸው። ቆየት ብሎ ነው የገባው፤ የሚያዩት ሰዓቱን አልነበረም፣ የሚበላውን ምግብ ነበር። እነሱ ሳይበሉ ነው ያበሉት። ሲነጋ ማንም ሳያየው ብር ፍራሽ ስር አስቀምጦ ወጣ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያደረገው እጅ ነው፣ ያው ፍራሽ ነው፣ ያው ብር ነው። ሮማን ዛፍ ለሚወዱት ይሁን፤ ለእኔ የመጽሐፉ ምልክት ይህ ነው።

ማለዳ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ምዕራፍ መልሼ ገለጥኩት። የምፈልገው በማን እንደተናደድኩ ነበርና አገኘሁት መሰለኝ።

አሴፍ ደብድቦት አሚር ሆስፒታል ሲነቃ የላይኛው ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ልክ እንደ ሃሰን። ይህ ተምሳሌት ትንሽ በዝቷል ብዬ ሳላነሳ ያለፍኩት ነበር። የጎደለው ነገር ነው አሁን የገባኝ። አሚር በመመታቱ ዳንኩ ይላል፤ ሃሰን ሮማኑ ዛፍ ስር ያልሰጠውን ቅጣት አሴፍ ሰጠው። እፎይታው የራሱ ነው። ለሃሰን ምንም አልደረሰውም። እኔን ያናደደኝ ይህ እፎይታ ነበር።

ከዚያ የፍሪሞንት መናፈሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2002። ሶህራብ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልተናገረም። አሚር ካይት ገዝቶ ከጎኑ ያበርራል። የአንዱን ካይት ቆርጠው ጣሉ። አሚር ልጁን እንድሮጥልህ ትፈልጋለህ? ይለዋል። ልጁ ራሱን የነቀነቀ ይመስለዋል፤ በአንድ ጎን ብቻ ፈገግ ይላል። ከዚያ ይሮጣል።

መምህር፣ እርስዎ ያሉት የአፈሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የተመለሰልኝ። በመጽሐፉ ሙሉ ሃሰን ሳይጠየቅ ሮጧል፤ አሚር አንድም ቀን ትፈልጋለህ ወይ ብሎት አያውቅም። የሃሰንን ልጅ ግን ጠየቀው። መልሱን እስኪያይ ጠበቀ። ለካይቱ ሌላውን ያስሮጥ የነበረው ሰው ራሱ ሮጠ። ለሃሰን አይደርስለትም፤ ያን አውቃለሁ። ግን ካሳንቺስ፣ አንዲት ሮማን ቢመልስለት ብለህ ነበር። ያ ጥያቄ እንደ ሮማኗ ነው የሚሰማኝ፤ በሌላ እጅ፣ ዘግይቶ።

ሰላም ከሪያድ

ማለዳ፣ አንድ ነገር ብቻ። ይህን ሁሉ የሚነግረን አሚር ነው። ሃሰን በራሱ ድምፅ የሚያወራው በአንዲት ደብዳቤ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ማንበብና መጻፍ ተምሮ የጻፋት። እዚያ ውስጥ ሮማኑ ዛፍ በድርቁ ምክንያት ፍሬ ካፈራ ዓመታት እንዳለፉት ይነግረዋል፤ ቂም የለም፣ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ስለ ልጁ፣ ስለ ሕልሙ። አሚር ሃያ ስድስት ዓመት ያሰበውን ሃሰን ላያስበው ይችላል። ሃሰን ምን እንደሚያስታውስ እኮ አናውቅም።

እመ ናሆም

ሰላም ያልሽው ሦስት ቀን አላስተኛኝም። ስልኳን በዘመድ በኩል አገኘሁት። አሁን አዋሳ ነው ያለችው፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ ነርስ ሆናለች። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ድምፄን ለየችው። «የኔ ናት!» አለች።

ስለ ሬዲዮው ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የደወልኩት። የተዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና «የምን ሬዲዮ?» አለች። አታስታውሰውም። ጨርሳ አታስታውሰውም። ያስታወሰችው ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ እኔ የቤት ሥራዬን ልሠራ ሻማዋን እወስድባት ነበር፤ እሷ የማታ ፈተና እያለባት። እኔ ይህን አላስታውስም። «በጨለማ ቁጭ ብዬ የቀኑን ትምህርት በቃሌ እወጣው ነበር» አለች። ሳቀችም፤ ግን እየሳቀች አልነበረም የነገረችኝ።

ለምን አሁን እንደደወልኩ ስትጠይቀኝ ስለ መጽሐፉ ነገርኳት። «ልጁስ ራሱ ያወራል?» አለች። አንዲት ደብዳቤ አለችው አልኳት። «እሷን ላኪልኝ፤ የሌላው ይቅርብኝ» አለች።

እንግሊዝኛውን ትችለዋለች፤ እኔ ግን በአማርኛ ልልክላት ፈልጌ ደብዳቤዋን መገልበጥ ጀምሬያለሁ። መምህር፣ ሃሰን ለአሚር ሲጽፍ «አጋ» የሚለውን ምን ብዬ ልተርጉመው? «ጌታዬ» ብል ከበደኝ፤ ብተወውም ውሸት ይሆንብኛል።